ለጥቁሯ ሳጥን የተሰፋ የጎማ ልብስ

ሹፌር ገብረ ኪዳን የሚነዳትን መኪና ራቁቷን ማየት አይወድም ነበር። መሪዋን የበግ ለምድ አልብሷታል። የማርሽ ዘንጓን እኅቱ በኪሮሽ በሠራችው ሹራብ ጠቅልሏታል። ወንበሮቿ ከፋብሪካ ሲመጡ የነበረባቸው ላስቲክ እስካሁን አልተገፈፈም፤ የተቀመጠባቸው ሰው ሁሉ በላብ ይጠመቃል እንጂ ላስቲኩ አይነካም። ራሱ ግን ክርኑ የተቀደደ ኮት ነው የሚለብሰው። መኪናውን ይወዳል ቢባል ማንም አይከራከርም። ጣጣው የመጣው ፍቅሩ ኮፈኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ የገባ ዕለት ነው።

ኮፈኑ ሥር፣ ከሞተሩ ጎን፣ መዳፍ የምታክል ጥቁር ሳጥን አለች። በድሮዎቹ መኪኖች ሞተሩ እሳት የሚያገኘው ሁለት ትንንሽ ብረቶች እየተነካኩ ሲለያዩ ነበር፤ ሲቆሽሹ በወረቀት ጠረግ፣ ሲበሉ በሞረድ ሳል አድርጎ መንገድ መቀጠል ነው። በዚህች መኪና ግን ያንን ሥራ የምትሠራው ይህች የታሸገች ሳጥን ናት። ኤሌክትሮኒክ ናት ይሏታል። አትከፈትም፣ አትሞረድም፣ አትጠገንም። ባለፈው ክረምት ገብረ ኪዳን ለእሷም አዘነላትና፣ ከአሮጌ የጎማ ውስጥ ከመነዳሪ ቆርጦ ልክክ የሚል የጎማ ልብስ ሰፋላት፤ ዝናብ እንዳያገኛት፣ አቧራም እንዳይበላት። ጥቅምት ገብቶ ፀሐዩ ሲበረታ መኪናዋ መንገድ ላይ ቀጥ ማለት ጀመረች።

ጭራሹን የቆመችው ቢቸና ውስጥ፣ በአንድ የእህል መጋዘን ግቢ ነው። መጋዘኑ ውስጥ በዚያ ሰሞን እህል አልነበረም። የተዘጋባቸው ልጆች ነበሩ።

ዘመኑ የብሔራዊ ውትድርና ዘመን ነው። በወረቀት ላይ ወጣቱ ይመዘገባል፣ ተራው ሲደርስ ይጠራል ይባላል። መሬት ላይ ግን ገበያ ይከበባል፣ በር ይሰበራል፣ ጢም ያበቀለ ሁሉ ይታፈሳል። የሞጣው መካኒክ የያየህ ልጅ ደምለውም የተያዘው ለጋራዡ ሳሙና ሊገዛ ወጥቶ ነው። ያየህና ሚስቱ ዘርፈሽ ከእሱ በፊት የወለዷቸውን ሕፃናት አፈር አልብሰዋቸዋል፤ የቀራቸው ደምለው ብቻ ነው። ሥራውን ከአባቱ እጅ ተምሮ፣ አሁን አሁን የሞተር ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን ለመናገር ከአባቱ ይቀድም ጀምሮ ነበር። የሞጣዎቹን ልጆች በጭነት መኪና አምጥተው ከቢቸናዎቹ ጋር ዘጉባቸው። ከዚህ በደጀን አድርገው ወደ ማሰልጠኛ፣ ከማሰልጠኛ ወደ ሰሜን። ከሰሜን በኋላ ያለውን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ግን አያወራውም።

ያየህ የመፍቻ ከረጢቱን አንጠልጥሎ ቢቸና ገባ። ልጅ ለማስለቀቅ መፍቻ ምን ይሠራል ቢባል፣ ከቤት ሲወጣ እጁ የለመደውን አነሳ፣ ይኸው ነው። በመጋዘኑ አጥር ሥር ነጠላቸውን የተከናነቡ ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዳንዶቹ ሲያዩት የሆነ ነገር አሉት፤ አልሰማቸውም። ጆሮውም ልቡም መጋዘኑ ውስጥ ነበር። በር ላይ ያለው ወታደር በሰደፍ ሊገፈትረው ሲል ከውስጥ ገብረ ኪዳን ጮኸ።

«ተወው! ተወው፣ መፍቻ ይዟል! መካኒክ ነው!»

እንዲህ ሆኖ ያየህ እናቶቹ ቀኑን ሙሉ ለምነው ያላለፉትን በር በመፍቻ ከረጢቱ አለፈ። እግዜር የሰጠው ዕድል መሰለው።

የምልመላው ኃላፊ ጓድ ኃይለ ጊዮርጊስ መኪናዋ አጠገብ ቆመው ለብ ያለ ውሃ ይጠጣሉ። ጨጓራ አለባቸው። ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ እጃቸው ለስላሳ፣ ሲያዩዋቸው የሰው ልጅ የሚያሳፍሱ ሰው አይመስሉም። እንዲያውም የሚያስፈራው እሱ ነበር፤ የሚጮህ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ያየህም ባላመናቸው።

«መካኒክ ነህ?»

«ነኝ ጌታዬ።»

«ጌታ የሚባል ቀርቷል። ጓድ በል።»

«ነኝ፣ ጓድ። ልጄ እዚህ ውስጥ ነው። ከእሱ ሌላ የለኝም። እግርዎ ሥር እወድቃለሁ…»

«አትውደቅ። ተነሳ፣ ተነሳ።» ውሃቸውን ጎንጨት አሉ። «ይህችን መኪና አስነሳልኝ፣ ልጅህን አስወጣልሃለሁ። ቃሌ ነው።»

ያየህ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልሰማም። ኮቱን አውልቆ ኮፈኑ ሥር ገባ።

ገብረ ኪዳን በሽታዋን ለመናገር ጊዜ አልወሰደበትም። ጠዋት ትነሳለች፣ ትንሽ ስትሄድ ቀጥ። ጥላ ሥር አርፋ ስትበርድ ደግሞ እንደገና ትነሳለች። ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል ብሎ ታንከሯን ገልብጧል። እሳት የምትረጨውን ካንዴላ ለውጧል። ባትሪዋን ከጭነት መኪናው ባትሪ ጋር አገናኝቶ ሞክሯል። «ከዚህ በኋላ የቀረኝ ጠበል ነው» አለ፤ እየቀለደም አልነበረም።

ያየህ አንዱን ካንዴላ ነቅሎ ከሞተሩ ብረት አስጠጋና «አዙር» አለው። ሞተሩ ይዞራል፣ እሳት ግን የለም። ሽቦውን በጣቱ እየተከተለ ሄደ፤ አልተቆረጠም። ሄዶ ሄዶ ከጎማው ልብስ ደረሰ፤ እጁን ሲያሳርፍበት ከምድጃ እንደወጣ ድንች አቃጠለው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ልብሷ ነዋ» አለ ገብረ ኪዳን፤ ኩራት ኩራት እያለው። «ራሴ ነኝ የሰፋሁላት።»

ያየህ ክሩን በጥሶ ልብሱን ገፈፈ። ከውስጥ ሳጥኗ በላብ ረጥባ ወጣች። ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ ደረበባትና ጠበቀ። ጨርቁ ሲሞቅ እያወለቀ፣ እንደገና እየነከረ ቆየ። ከዚያ «አዙር» አለ። ከካንዴላው ጫፍ ሰማያዊ እሳት ቷ ቷ አለ። ካንዴላውን መልሶ ሲያስረው ሞተሩ ተነሳ። ገብረ ኪዳን ከመሪው ላይ ዘሎ ወርዶ ሊስመው ደረሰ። ብዙም አልቆየ፤ ጨርቁ ሲደርቅ ሞተሩ ሁለት ሦስቴ አሳለና ጠፋ። ቀጥሎ ውሃውም፣ ጥላውም፣ ልመናውም አላስነሳት አለ።

«ለይቶላታል» አለ ያየህ። «ይህች ነገር ስትሠራ ትሞቃለች፤ ሙቀቷን የሚወስድላት ነፋስ ነው። አፍነህ ገደልሃት።»

«እኔ?»

«አንተ።»

ገብረ ኪዳን የተገፈፈውን ልብስ ከመሬት አንስቶ አቧራውን አራገፈና ኪሱ ከተተው። ልጁን ሲቀብር የዋለ ሰው ይመስል ነበር፤ ያየህ ግን ለእሱ የሚያዝንበት አንጀት አልነበረውም።

አዲስ ሳጥን አዲስ አበባ ካልሆነ አይገኝም፤ አዲስ አበባም ቢሆን ካለ ነው። ያየህ ተስፋ ቆርጦ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ፤ ተቀምጦም ሞጣ ትዝ አለችው። የውሃ ጉድጓድ ሊቆፍሩ የመጡ ፈረንጆች ትተውት የሄዱት ግቢ አለ፤ በዚያ ግቢ ውስጥ አምና የተገለበጠች የዚህችው እኅት መኪና ጎኗ ተሰብሮ ቆማለች። ሳጥኗ ያለችበት ደረቷ ግን ደህና ነው። ይህን ሲናገር ጓድ ኃይለ ጊዮርጊስ ወዲያው ማኅተም ያለበት ወረቀት ጽፈው፣ ወደ ሞጣ በሚያልፍ የእህል መኪና ላይ አሳፈሩት። ከመሳፈሩ በፊት ልጁን አንዴ ልየው ብሎ ሲለምን ወታደሩ ወደ መጋዘኑ መስኮት ወሰደው።

መስኮቱ በብረት ዘንግ የታጠረ ነው። ከውስጥ የሰው ላብና የአሮጌ ማሽላ ሽታ ይወጣል። ደምለው ጣቶቹን በዘንጎቹ መሃል አሾለከ። ያየህ ጣቶቹን ጨበጣቸው።

«አባ፣ መኪናዋን ስትሠራ ሰማሁህ እኮ» አለ ደምለው። «ምን ሆና ነው?»

«ሳጥኗ ናት።»

«ሞቃ?»

«ሹፌሩ ከከመነዳሪ ኮት ሰፍቶላት።»

ደምለው ሳቀ። በዚያ ቦታ፣ በዚያ ሽታ መሃል ከልቡ ሳቀ። «ኮት!» አለ። «ቆብስ አላደረገላትም?»

ያየህ የዚያን ሳቅ ድምፅ ይዞ እስከ ሞጣ ሄደ። ግንደወይን ላይ መኪናው ሲቆም ሰዎቹ ወርደው ሲበሉ እሱ ከጭነቱ ላይ አልወረደም።

ዘርፈሽ ቤት ውስጥ አልጠበቀችውም። ልጇ ከተያዘበት ቀን ጀምሮ መንገድ ዳር ነው የምትውለው። ባሏን ብቻውን ሲወርድ ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ልጄስ?»

«ይለቁልኛል። ቃል ገብተዋል። መኪናቸውን ከሠራሁ ይለቁልኛል።»

«ማን ነው ቃል የገባ?»

«ኃላፊው።»

«አምነኸው መጣህ?» አለችው። መልስ አልጠበቀችም። ቤት ገብታ የደምለውን ጫማ ይዛ ወጣች። ለበዓል የሚያደርገው ጥቁር ጫማ ነው፤ በዚያች በገባችበት ቅጽበት ቅባት ቀብታዋለች። «በሸበጥ ነው የወጣ። ቢለቁትም ያን ሁሉ መንገድ በሸበጥ አይመጣም። ስጠው።»

በፈረንጆቹ ግቢ ዘበኛው አያ ፋንታ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና መለሱለት። ማኅተም የሚፈሩ ሰው አይደሉም፤ የሚፈሩት ፈረንጆቹ ተመልሰው ንብረታችን የት አለ ያሏቸው እንደሆነ ነው። ያየህ ወረቀቱን ትቶ ስለ ደምለው ነገራቸው።

«ለልጅህ ነው የምትለኝ?»

«ለልጄ ነው፣ አያ።»

«እንግዲያ እኔ ከብት ላስገባ» አሉ። ግቢው ውስጥ ከብት የሚባል የለም። ጀርባቸውን ሰጥተው በአጥሩ ዙሪያ ሄዱለት። ያየህ ሳጥኗን በካቻቢቴ ፈትቶ፣ እንደ ጨቅላ በጨርቅ ጠቅልሎ ደረቱ ውስጥ ከተታት።

በማግስቱ ቢቸና ሲመለስ ፀሐይ ገና ረፋድ ላይ ነበረች። የምትታሰርበትን ብረት እስኪያበራ ፋቀላት፣ ሳጥኗን በቦታዋ አሰራት፣ ሽቦዎቿን አገናኘ። «አዙር» አለ። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ። አልጠፋም። ያየህ ግን አላመነም፤ ሞተሩ እየሠራ ፀሐይ ላይ አቆያት፣ ሳጥኗን እየነካ፣ እየሰማ። ሞቃለች፣ ግን ነፋስ ያገኛታል፣ ትተነፍሳለች። ጥሩ ሥራ ነው። በሕይወቱ እንደዚያ ተጠንቅቆ የሠራው ሥራ የለም።

ያን ጊዜ ከአጥሩ ውጭ ዋይታ ተነሳ።

ሰው የሞተ መሰለው። የመፍቻ ከረጢቱን ጥሎ ወደ በሩ ሮጠ። እናቶቹ ተነስተው ቆመዋል፣ አንዳንዶቹ ደረታቸውን ይደቃሉ። ከፊት ያሉት አሮጊት እማማ ወለተ ሐና ይባላሉ፤ የሙት ልጃቸውን ልጅ ነው የዘጉባቸው። በምርኩዛቸው ወደ ግቢው አመለከቱ።

«አንተ ነህ ያስነሳኻት?»

«እኔ ነኝ እማማ። ምን ሆኑ?»

«ወይ አንተ ሰው!» አሉት። «መጀመሪያ ስትገባ ነግረንህ ነበር እኮ፣ አትንካት ብለንህ ነበር እኮ። ያች መኪና ከፊት ካልመራች ጭነት መኪናው አይንቀሳቀስም። እስከ ዛሬ ልጆቹን እዚህ ያቆየልን እሷ መቆሟ ነው። ይኸው ስንት ቀን፣ ለጊዮርጊስ ጃንጥላ ተስለን፣ እንዳታስነሳት ብለን የምንለምን። አንተ መጥተህ…» መጨረስ አልቻሉም።

ቢሰድቡት ለያየህ ይሻለው ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ልጃቸው አዝነው ነው የሚያዩት። ወደ ግቢው ተመለሰ። አንድ ነገር ብቻ ያዘ፦ ቃል አለ። የሌሎቹን እግዜር ያውቃል፣ የኔ ልጅ ይወጣል አለ በልቡ፤ ይህን በማለቱም አፈረ፣ እያፈረም አለው።

ጓድ ኃይለ ጊዮርጊስ ሻንጣቸውን እያስጫኑ ነበር።

«ጓድ፣ መኪናዋ ተነስታለች። ልጄን።»

«አየሁ። ጎበዝ ነህ።» ዓይናቸውን ከሻንጣው አላነሱም። «ብቻ አንድ ነገር አለ። ቁጥሩን ለበላይ አስታውቄያለሁ። አንድ ቢጎድል የምሞላው በማን ነው?»

«ቃል ገብተውልኝ ነበር።»

«ገብቻለሁ። ቃልማ ገብቻለሁ።» ጨጓራቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «እስቲ አስብበታለሁ።» ብለው ወደ ቢሮው ገቡ።

ያየህ ግቢው መሃል ቀረ። ወታደሮቹ ልጆቹን እየቆጠሩ ወደ ጭነት መኪናው ማስወጣት ጀምረዋል። መጮህ አማረው፣ አልጮኸም። መሞት አማረው፤ እሱም ቢሆን ለደምለው ምንም አይፈይድም። በገዛ እጁ፣ በገዛ መፍቻው፣ ከሞጣ ድረስ ደረቱ ውስጥ አቅፎ ባመጣት ነገር የልጁን መንገድ ጠርጓል። ከዚህ የባሰ ሞኝነት ይኖር ይሆን ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ አላገኘም።

ገብረ ኪዳን ከጀርባው መጣና ጉሮሮውን ጠረገ። እጁ ላይ የጎማ ልብሷ ነበረች፤ ክሯን ሰፍቶ አድሷታል።

«እንዳትቆጣኝ» አለ። «ያቺ አሮጌ ስለሆነች ይሆናል የሞተችው። ይህችኛዋ ደህና ናት። የደጀን መንገድ አቧራው ዱቄት ነው ወንድሜ፣ ራቁቷን ልወስዳት አንጀቴ አልቻለም። አንዴ ብቻ ባለብሳት?»

ያየህ ልብሷን አያት። ከዚያ ሰማዩን አየ። ፀሐይ አናት ላይ ልትደርስ ነው፣ ደመና የሚባል የለም። በዚህ ሙቀት ከወጡ ደጀን ሳይደርሱ ትቆማለች። እሷ ስትቆም ጭነት መኪናው ይቆማል። ወታደሮቹ ጥቂት ናቸው፤ ኮፈን ተከፍቶ ሁሉም አንገቱን አስግጎ ሲያይ ማን ልጆቹን ይጠብቃል? የመንገዱ ግራና ቀኝ ሸለቆ ነው። ልጆቹ የአገሩ ልጆች ናቸው፣ ገደሉን ያውቁታል። ደምለው ደግሞ ሯጭ ነው።

«አምጣት» አለ ያየህ። «እኔ ላልብሳት። አንተ ታሳሳዋለህ።»

ከከረጢቱ ሌላ የከመነዳሪ ቁራጭ አውጥቶ መጀመሪያ እሱን ጠመጠመባት፤ በላዩ ላይ የገብረ ኪዳንን ልብስ ደረበ፤ ነፋስ የምትገባበት ቀዳዳ እንዳትተርፍ አድርጎ በሽቦ አጠበቀው። ገብረ ኪዳን ከላይ ሆኖ እያየ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እግዜር ይስጥህ» አለው። «የሙያ ሰው እንዲህ ነው።»

ያየህ ኮፈኑን ዘጋና ልጁ ከተያዘበት ቀን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰ። ወደ በሩ ሄዶ ለእማማ ወለተ ሐና ጠጋ አለ።

«ጃንጥላውን አይተውት እማማ» አላቸው ቀስ ብሎ። «ስለትዎ ይሰማል።»

አሮጊቷ ፊቱን አዩት፣ አልጠየቁትም። ገባቸው መሰል፣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

ከግቢው ውስጥ ስሙ ተጠራ። ጓድ ኃይለ ጊዮርጊስ ከቢሮው ወጥተው ትንሿ መኪና አጠገብ ቆመዋል፤ ፊታቸው በርቷል፣ ከጨጓራቸው ለጊዜው የዳኑ ይመስላሉ። ከጎናቸው ደምለው በሸበጥ ቆሟል።

«ቃሉን የሚበላ ሰው አይደለሁም» አሉ። «ማስወጣት አልቻልኩም፤ ግን ከጭነት መኪናው አውርጄልሃለሁ። ልጅህም መካኒክ ነው አሉኝ። ከእኔ ጋር ከፊት ይሄዳል። እዚያ ስንደርስም ጋራዥ አስገባዋለሁ፣ ጥይት ሳያይ ይከርማል። ምን ትላለህ?»

የያየህ ዓይን ወደ ተዘጋው ኮፈን ሄደ።

«አደራ ደግሞ» አሉ ጓድ ኃይለ ጊዮርጊስ፤ ያችው ለስላሳ ድምፅ ናት። «መኪናዋ መንገድ ላይ ብትቆም የምይዘው እሱን ነው። አባት ሠራት፣ ልጅ አብሮ ሄደ፣ ቆመች ሲባል አሻጥር ነው የሚባለው። አሻጥር ምን እንደሚያመጣ ታውቃለህ። መንገድ ላይ ፍርድ ቤት የለም።»

ልጁ ከጭነት መኪናው ላይ ቢሆን ኖሮ ከሁሉም ጋር ዘሎ ይሮጥ ነበር። አሁን ግን ከኃላፊው ጋር፣ ከሽጉጡ ጎን ተቀምጦ ነው ሞተሩ ሲጠፋ የሚሰማው። ኮፈኑን ክፈት የሚሉት እሱን ነው። የአባቱን ሽቦ የሚያገኘው እሱ ነው።

«አንድ ነገር… አንድ ቡሎን ሳላጠብቅ ቀርቻለሁ» አለ ያየህ። «አንዴ ብቻ ልያት።»

«ቶሎ በል።»

ኮፈኑን ከፈተ። ደምለው ያለ ማንም ፈቃድ ጎኑ መጥቶ አብሮት አጎነበሰ፤ ጋራዥ ውስጥ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው። ዓይኑ ሳጥኗ ላይ አረፈ። ድርብ ልብሷን አየ፣ ሽቦውን አየ፣ የሽቦውን አጠማዘዝ አየ፤ የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ማሰብ አላስፈለገውም። አልሳቀም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነው የተረዳው፤ እንደዚያ ዓይነት ልጅ ነበር።

«አባ» አለ በሹክሹክታ። «ተዋት።»

«አይሆንም።»

«ተዋት ግዴለህም። እሮጣለሁ። እነሱም…» በአገጩ ወደ ጭነት መኪናው አሳየው። ከጭነት መኪናው ላይ ልጆቹ ተጠጋግተው ቆመው፣ የእናቶቻቸውን ነጠላ በአጥሩ ክፍተት ይፈልጋሉ። «ያሉት እኮ ብዙ ናቸው፣ አባ።»

«አንተን ይገድሉብኛል።»

«ላይገድሉኝ ይችላሉ።»

ያየህ ካራውን አወጣ። እጁ ከመቼውም ይልቅ ጸንቶ ነበር፤ ያ ነው ኋላ ላይ ራሱን ይቅር ያላለበት። ሽቦውን ቆረጠ፣ ድርቡን ሰነጠቀ፣ የገብረ ኪዳንን ልብስ ከላይ እስከ ታች ቀደደው። ሳጥኗ ራቁቷን ወጣች። ገብረ ኪዳን ከመሪው ወርዶ ሲሮጥ ደረሰ።

«ምን አደረግህ! አሁን አልነበር ያለበስኻት!»

«ተሳስቼ ነው» አለ ያየህ። «ትተንፍስ። ዳግመኛ ምንም እንዳታለብሳት፤ ብታለብሳት በልጄ ደም ትጠየቃለህ። ሰምተኸኛል?»

ገብረ ኪዳን ፊቱን አይቶ ወደ ኋላ አለ። «ሰምቻለሁ» አለ።

ደምለው ቀና አላለም። ሳጥኗን አንዴ አየና ኮፈኑን ራሱ ዘጋው። ያየህ ጫማውን ከከረጢቱ አውጥቶ ተንበረከከ። ልጁ ትልቅ ሰው ነው፣ ጢም አለው፤ ያየህ ግን ሸበጡን አውልቆ ጫማውን አጠለቀለት፣ ማሰሪያውን አሰረለት። ዘርፈሽ የቀባችው ቅባት እጁ ላይ ቀረ።

«እናትህ ናት የላከችልህ።»

«ተቆጥተሃል?» አለ ደምለው።

«ማንን?»

«እንጃ» አለ ልጁ። አባቱ ሲነሳ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመና ገብቶ ላስቲክ በለበሰው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

መኪናዋ በመጀመሪያው ተነሳች። በሩን አልፋ ስትወጣ ጭነት መኪናው ተከተላት፤ ልጆቹ ስም እየጠሩ ጮኹ፣ እናቶቹ ስም እየጠሩ ጮኹ፣ የማን ስም የማን እንደሆነ ሳይለይ ሁሉም አቧራ ውስጥ ገባ። ያየህ የተቀደደችውን የጎማ ልብስ ጨብጦ መንገዱ መሃል ቆመ። መካኒክ ነውና ጆሮው ሳይጠይቀው ሞተሩን አዳመጠ። ከዳገቱ ሥር ማርሽ ሲቀየር ሰማ። አላሳለችም። ዳገቱን ስትወጣ ሰማ። አላሳለችም። እባክሽ አንዴ ቁሚ ሲላት፣ ወዲያው ደግሞ እባክሽ እንዳታደርጊው ሲላት፣ ድምፅዋ ቀጥ ብሎ እየራቀ ሄደ።

እማማ ወለተ ሐና በምርኩዛቸው እየተደገፉ አጠገቡ ደረሱ። የልጅ ልጃቸው ከጭነት መኪናው ጀርባ ላይ እጁን ሲያውለበልብላቸው አይተዋል። እንባቸውን ገና አልጠረጉም፣ ግን ዓይናቸው ተስፋ ነበረው፤ የነገራቸውን ይዘው ነው የመጡት።

«የት ላይ ነው የምትቆም፣ ልጄ?» አሉት በሹክሹክታ።

ያየህ ሊዋሻቸው ፈለገ። አልቻለም።

«አትቆምም፣ እማማ» አለ። «በደንብ ነው የሠራኋት።»